ማታ እንጦጦ ላይ

ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ ሳይክሌን ይዤ በቀጥታ ወደ እንጦጦ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች ጨለማው ጊዜ አይሰጥም፤ ባህር ዛፉ ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

በማታ ማውንቴን ባይክ ለመንዳት ለምታስቡ፣ አንድ መብራት አይበቃም ባይ ነኝ። አንዱ መሪው ላይ፣ ሌላው ሄልሜቱ ላይ ይሁን። የመሪው ከታች ስለሚያበራ ድንጋዩም የጎርፍ ቦዩም ጥላ ይጥላል፤ ጥልቀቱን የምትለዩት በዚያ ጥላ ነው። የሄልሜቱ ከዓይን አጠገብ ስለሚነሳ ጥላውን ያጠፋዋል፣ ግን ኩርባ ላይ መሪው ገና ሳይዞር ወደምታዩበት ያበራላችኋል። ለመሪው 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ፣ ለሄልሜቱ ግማሹም ይበቃል። ጉም ሲወርድ የሄልሜቱን አጥፉት፤ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስትገዙ ባትሪውን እዩ። 18650 የሚባለው ድብልብል፣ ዳግም የሚሞላ ባትሪ ላይ «9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh)» የሚል ካያችሁ እለፉት፤ ቁጥሩ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው። በዚያ ግዝፈት ጥሩ የሚባለው እንኳ የሚይዘው 3500 አካባቢ ነው።

አቀበቱ ላይ ቅጠል የተሸከሙ እናት ቁልቁል ሲመጡ አገኘኋቸው። ሸክሙ ወገባቸውን አጉብጦታል፣ ነጠላ ጫማቸው ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። ቆሜ መብራቱን በእጄ ከለልኩት። «ተባረክ ልጄ» ብለው አለፉ። እባካችሁ ሰው ሲመጣ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ፣ ያ ሁሉ ሉመን ዓይን ላይ ሲያርፍ መንገዱ ይጠፋባቸዋል።

አስፋልት ስትገቡ ደግሞ የኋላውን ቀይ መብራት አትርሱ፤ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለቱ ላይ ሚኒባሱ ከኋላ በፍጥነት ነው የሚመጣው።