ከነገው የድምፅ ትምህርት በፊት

ነገ የመጀመሪያው የኦንላይን የድምፅ ትምህርቴ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ፈርቻለሁ። መዝፈን መማር ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ስለሆነ እንዲሁ በዘፈቀደ ልገባበት አልፈለግኩም። ከሰዓቱን ሙሉ ክፍሌን ሳሰናዳ ዋልኩ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ድምፄ ወዲያ ማዶ እንዴት እንደሚሰማ ማጣራት ነው። የቪዲዮ መገናኛ አፖች በዋናነት የተሠሩት ለንግግር ነው። የማራገቢያ ጩኸት እንዳይረብሽ፣ ሳይቋረጥ የሚቆይ ድምፅን እየለዩ ያጠፋሉ። ዘፈን ላይ ደግሞ ረዥሙ ኖታ ራሱ ሳይቋረጥ የሚቆይ ድምፅ ነው! ከጓደኛዬ ጋር ስንሞክር «ኣ» ብዬ አረዘምኩ። መጀመሪያው ጥርት ብሎ ደረሳት፤ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። እኔ እኮ ገና ትንፋሼ አላለቀም ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ድምፅ ማጥሪያውን ስናጠፋ እስከ መጨረሻው ተሰማሁ። ዙም ላይ ማጥሪያውን ለማጥፋት የሚከፈተው «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚባለው ነው። ዘፈን የሚማር ሰው ከምንም በፊት ይህን ቢያይ እላለሁ። መምህሩ የማይሰማውን ድምፅ ሊያርም አይችልም።

ሌላው ድምፁ በኢንተርኔት ሲያልፍ መዘግየቱ ነው። ለወሬ ምንም አይደል፤ አብሮ ለመዝፈን ግን አያመችም። 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ሲደርስ እንኳ ምት መጠበቅ ይከብዳል። ስለዚህ መምህሬ አስቀድመው ነግረውኛል፤ እሳቸው ይዘፍናሉ፣ እኔ እሰማለሁ፣ ከዚያ እደግማለሁ። ማጀቢያው ሙዚቃ የሚከፈተው እኔ ጋ ነው። ብሉቱዝ የራሱን መዘግየት ስለሚጨምር ባለገመዱን ኢርፎን ከመሳቢያ አወጣሁ። አንድ ጆሮዬን ክፍት እተወዋለሁ፤ ሁለቱም ሲደፈኑ ሳይታወቀኝ እጮሃለሁ።

ላፕቶፑን መጽሐፍ ደራርቤ ከፍ አደረግኩትና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ፊቴ ብቻ መታየቱ አይበቃም። ትንፋሽ ስስብ ትከሻዬ ይነሳል ወይስ ሆዴና ጎኔ ይሰፋል የሚለው መታየት አለበት። ባዶው ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩበት።

ከዕቃው ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ቤተሰቡ ነው። ሰው ይሰማኛል ብሎ የሚዘፍን ጉሮሮውን ጨምቆ፣ በግማሽ ድምፁ ነው የሚዘፍነው። ያ ልማድ ከሆነ ማላቀቁ ከባድ ነው። ስለዚህ በግልጽ ነገርኳቸው። ከንፈሬን እያንቀጠቀጥኩ ብርርር እላለሁ፣ አፌን ገጥሜ እምምም እላለሁ፣ አንዱን መስመር ደጋግሜ እዘፍናለሁ፤ ይሄ ማሟሟቂያና ልምምድ ነው አልኳቸው። እናቴ «እስኪበቃሽ ዝፈኚ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ወንድሜም በዚያ ሰዓት ትልልቅ ፋይል ላያወርድ ቃል ገባልኝ። ልቤ ቀለል አለ።

የቀረኝ ትንሽ ነው። ውሃ ከጎኔ፣ ግጥሙ በወረቀት፣ ደግሞ ትምህርቱን መቅዳት ይፈቀድልኝ እንደሆነ መጠየቅ። ራስን መልሶ እንደመስማት የሚያስተምር ነገር ያለ አይመስለኝም።

አንድ ጥያቄም ጽፌ ይዣለሁ። ከደረት ድምፅ፣ ማለትም ደረት ላይ ከሚሰማው ከወፍራሙ ድምፅ፣ ወደ ላይኛው ሳልፍ መሃል ላይ አንድ ቦታ ድምፄ ይሰበራል። ዝግ ብዬ ስወጣም እዚያው ነው፣ ፈጠን ስልም እዚያው። ነገ መጀመሪያ እሱን ነው የማሰማቸው።