1978 ሁለት ጊዜ፦ የግሬም ሱነስን የእግር ኳስ ሕይወት በአማርኛ ስጽፍ የሳትኩት

የስኮትላንዳዊውን አማካይ የግሬም ሱነስን የተጫዋችነትና የአሰልጣኝነት ዘመን ለአማርኛ አንባቢ አሰናድቼ ነበር። ታትሞ ከወጣ በኋላ ያየሁት ስህተት እስካሁን ያንገበግበኛል። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አይደርስም ነበር። የውጭ ተጫዋች ታሪክ ለመጻፍ ያሰበ ሰው ይህን አንብቦ ቢጀምር ይሻላል።

አጥንቱ ቀላል ነው። የተጫወተባቸውን ክለቦች በቅደም ተከተል አሰፈርኩ፦ ቶተንሃም፣ ሚድልስብሮ፣ ሊቨርፑል፣ ሳምፕዶሪያ፣ ሬንጀርስ። ከዚያ ያሰለጠናቸውን፦ ሬንጀርስ፣ ሊቨርፑል፣ ጋላታሳራይ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ቶሪኖ፣ ቤንፊካ፣ ብላክበርን፣ ኒውካስል። ሬንጀርስ ሁለቱም ዘንድ የገባው ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ስለሄደ ነው። ለስኮትላንድ 54 ጨዋታ፣ 4 ጎል። ስሙን «ሱነስ» ወይም «ሱኔስ» ብላችሁ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው አትቀይሩት።

መከራው ያለው ዓመቱ ላይ ነው።

ሱነስ ከሚድልስብሮ ወደ ሊቨርፑል የተዛወረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1978 ነው፤ በእኛ ጥር 1970 መሆኑ ነው። የሬንጀርስ አሰልጣኝ እንዲሆን የተሾመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1986 ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር 1978 ዓ.ም. ላይ ያርፋል። በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአርጀንቲናው የዓለም ዋንጫ ስኮትላንድ ኔዘርላንድስን 3 ለ 2 ስትረታ ሱነስ ሜዳ ውስጥ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ሜክሲኮ ላይ ዴንማርክንና ምዕራብ ጀርመንን ገጥሟል። ቁጥሩ አንድ፣ ሰውየው አንድ፤ ክለቡም የዓለም ዋንጫውም ግን ሌላ ሌላ።

ጽሑፉን የተቀበለው አርታኢ «እ.ኤ.አ.» በየመስመሩ መደጋገሙ ዓይን ይጎረብጣል ብሎ መግቢያው ላይ አንዴ ብቻ ትቶ የቀረውን አወጣው። የአሰልጣኝነቱን ክፍል ያየው ሌላ ሰው ደግሞ ለአንባቢ ይቀላል ብሎ ዓመቶቹን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለወጣቸው። ሁለቱ አልተነጋገሩም፤ እኔንም የጠየቀኝ የለም። የወጣው ጽሑፍ አንድ ቦታ «በ1978 ሊቨርፑልን ተቀላቀለ» ይላል። ጥቂት አንቀጾች ወረድ ሲሉ «በ1978 ሬንጀርስን ማሰልጠን ጀመረ» ይላል። ታዲያ የሊቨርፑሉ ስድስት ዓመት ተኩል የት ገባ? የሳምፕዶሪያውስ ሁለት ዓመት? አንባቢ ይህን ሲያይ ጸሐፊው ኳስ አያውቅም ብሎ ቢዘጋው አልፈርድበትም።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ለእርማት የተላከልኝን የመጨረሻ ገጽ አይቼ አሳልፌዋለሁ። የክለቦቹን ስም ፊደል በፊደል አረምኩ፤ ዓመቶቹን ግን አንዱን ከሌላው ጋር አላስተያየሁም። አሁን ከማስረከቤ በፊት ዓመቶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች በተለየ ወረቀት እገለብጣለሁ። ቁጥሩ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወይም ሳይራመድ ከቀረ እዚያ ጋ ችግር አለ።

«መግቢያው ላይ አንዴ ከተገለጸ ይበቃል» የሚለውን የአዘጋጆች መመሪያ ከዚያ ወዲህ አልቀበልም። ዓይን ይጎርብጥ እንጂ እያንዳንዱ ዓመት ምልክቱን ይዞ ይሂድ። የውድድር ዘመንን ግን ወደ እኛ አትለውጡት፤ «1983/84» ብላችሁ በእዝባር ጻፉት። የእንግሊዝ ሊግ ነሐሴ ላይ ጀምሮ ግንቦት ላይ ስለሚያልቅ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች 1975 ዓ.ም. ውስጥ፣ የቀሩት 1976 ውስጥ ይወድቃሉ። በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ልጻፈው ያለ ሰው የዘመኑን መጀመሪያ ቆርጦ ይጥላል።

ወሩ ላይም ወጥመድ አለ። ሊቨርፑል ክለብ ብሩዥን 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫ ያነሳው፣ ሱነስም ለኬኒ ዳልግሊሽ የጎሏን ኳስ ያቀበለው፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1978 ዌምብሌይ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን «ግንቦት 10 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.» ብሎ ይጽፈዋል። ስህተት ነው። ሜይ 10 ግንቦት 2 ነው፤ ግንቦት 10 ሜይ 18 ነው። የእኛን ወር ስም ከነሱ ቀን ጋር ማጋባት የስምንት ቀን ልዩነት ያመጣል። ወይ «ሜይ 10 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.»፣ ወይ «ግንቦት 2 ቀን 1970 ዓ.ም.»፤ ሦስተኛ መንገድ የለም።

«ከሴፕቴምበር ጀምሮ 7፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ 8 ቀንስ» የሚለውም ሕግ ሴፕቴምበር ላይ ይከዳል። ኒውካስል ሱነስን የሾመው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2004 ነው። በጭፍን 7 የቀነሰ 1997 ዓ.ም. ይላል። ቀኑ ግን ጳጉሜ 1 ቀን 1996 ነው፤ ዓመቱ ገና አልተለወጠም። ከአምስት ቀን በኋላ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ኒውካስል ሱነስ የለቀቀውን ብላክበርንን 3 ለ 0 አሸነፈ። ያ ጨዋታ በትክክል መስከረም 1 ቀን 1997 ነው። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ደግሞ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስም ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። ከማርች 1፣ ማለትም ከየካቲት 22 ወዲያ ልዩነቱ ስለሚስተካከል የሜይ ፍጻሜዎች አያሳስቱም።

ቁጥሮቹ የዚህን ያህል አላስቸገሩኝም። የሊቨርፑል ጎሎቹ አንድ ቦታ 38፣ ሌላ ቦታ 55 ተብለው ይገኛሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። 38ቱ በ247 የሊግ ጨዋታ፣ 55ቱ በሁሉም ውድድር በ359 ጨዋታ የገቡ ናቸው። ከአንዱ ጨዋታውን፣ ከሌላው ጎሉን እየወሰዱ ማዳቀል ነው ውሸት የሚያደርገው። ቶተንሃም ላይ የሊግ ጨዋታው 0 ነው፤ «ለቶተንሃም ተጫውቶ አያውቅም» ማለት ግን አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በዩኤፋ ካፕ በአይስላንዱ ኬፍላቪክ ላይ ተቀይሮ ገብቷል። የአምስቱን የሊቨርፑል ሻምፒዮናዎቹን «የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ» ብሎ መጻፍም ነውር ነው። ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ሱነስ የበላው ያኔ የእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ የነበረውን የአንደኛ ዲቪዚዮን ነው።

የአሰልጣኝነቱ ክፍል ላይ የሚያከራክረው ከስኮትላንዱ ሬንጀርስ ጋር ያገኘው የሊግ ሻምፒዮንነት ቁጥር ነው። 1986/87፣ 1988/89 እና 1989/90 ያለ ጥርጥር የእሱ ናቸው። በ1990/91 ግን ሊጉ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ በኤፕሪል፣ ወደ ሊቨርፑል ሄደ። በመጨረሻው ዕለት አበርዲንን 2 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮንነቱን ያረጋገጠው እሱን የተካው አሰልጣኝ ዋልተር ስሚዝ ነው። አራት የሚሉ አሉ፤ እኔ ሦስት ብዬ ጽፌያለሁ፣ አራተኛውን በተለየ ዓረፍተ ነገር ከነምክንያቱ አስፍሬያለሁ። ስለዚህም አሰልጣኝ የዘመኑ መሃል ላይ ሲገባና ሲወጣ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩን ጨምሬ እጽፋለሁ፦ ሬንጀርስ፣ ከኤፕሪል 1986 እስከ ኤፕሪል 1991 እ.ኤ.አ.፤ ሊቨርፑል፣ ከኤፕሪል 1991 እስከ ጃንዋሪ 1994 እ.ኤ.አ.።