ከኮርኒሳችን የወረደው በሶ

የእናቴ ታናሽ ወንድም የሚኖረው ቋራ ነው። ጎንደር በመጣ ቁጥር ወይ ማር ወይ ሰሊጥ ይይዝልናል፤ አምና በነሐሴ ግን አንድ ጭነት ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርቀሃ፣ አራገፈብን። «የመይሳው ካሳ አገር እንጨት ነው! እንደ ደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ባዶ እንዳይመስልህ፣ ድፍን ነው። የልጅ ልጅህ ይወርሰዋል» አለኝ። ራሱ ቸንክሮ የሳሎናችንን ኮርኒስ ሠራበት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አንጋጦ አደነቀ።

መስከረም ሲጠባ ሌሊት ሌሊት ከላይ ቆርጠም ቆርጠም የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። እናቴ አይጥ ነው ብላ ድመት ተዋሰች። ድመቷ ወደ ኮርኒሱ አንዴ አየት አድርጋ ተኛች። በባትሪ ጠጋ ብዬ ሳየው ሽመሉ የመርፌ ራስ በሚያህሉ ክብ ቀዳዳዎች ተበሳስቷል፤ ከየቀዳዳው የላመ ቢጫ ዱቄት ይንጠባጠባል።

ጥቅምት 21 የእናቴ የማርያም ዝክር ነው። የንስሐ አባታችን ጥቁር ጥላቸውን በሩ ላይ ሰቅለው ገቡ። ዳቦውን ሊባርኩ ቆመው ጸሎት እንደ ጀመሩ እህቴ የጓዳውን በር ድርግም አደረገችው። ኮርኒሱ ተርገፈገፈ። ዱቄቱ በጥምጣማቸው፣ በጢማቸውና በዳቦው ላይ ዘነበ። አባ ጸሎቱን ሳያቋርጡ ጨረሱ፤ ከዚያ ጢማቸውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ለእስራኤል መና እንደ ወረደ አንብቤአለሁ፤ በሶ ሲወርድ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ለአጎቴ ስደውልለት «ታዲያ በክረምት የተቆረጠ ለጋ እንዴት አይነቅዝ!» አለኝ፣ የቆረጠው ሌላ ሰው ይመስል። ነቀዙን የሚጠራው እንጨቱ ውስጥ ያለው ስታርች ነው አለ። ሦስት ዓመት የሞላውን ከቁጥቋጦው መርጦ በበጋ መቁረጥ፣ ከዚያም ለሳምንታት ወራጅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው እንጂ!

«ይህን ሁሉ እያወቅህ?» አልኩት።

«ለጋው ለመቁረጥ ይቀላላ!»

ለካሳ ያህል በሚቀጥለው ክረምት ከነሥሩ አምጥቶ ግቢያችን ሊተክልልን ቃል ገባ። ሽመል የቆላ ተክል መሆኑን፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን ብነግረው «ይለምዳል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እናቴ ኮርኒሱ ዛሬ ነገ ይፍረስ እያለች ኅዳር 21 ደረሰ።

አባ በዚያ ቀን ጥላቸውን በሩ ላይ አልሰቀሉትም። ዘርግተውት ገቡ።