የመዳብ ናኖ ዱቄት እና ያልተዘጋ ክዳን

ሁለት ሳምንት ላቦራቶሪ ውስጥ የለፋሁበት ሳምፕል በአንድ ሌሊት ተበላሸብኝ፣ ማታ ስወጣ ቀይ ቡናማ የነበረው የመዳብ ናኖፓርቲክል (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የመዳብ ቅንጣት) ጠዋት ስገባ ጠቁሮ ጠበቀኝ፣ ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ሲያንስ ከክብደቱ አንጻር ለአየር የሚጋለጠው ገጽ በጣም ይበዛል፣ ስለዚህ የመዳብ ሽቦ ላይ ዓመታት የሚፈጀው ኦክሲዴሽን (ከአየር ኦክስጅን ጋር መዋሃድ) እዚህ ቶሎ ያልቅና መዳቡ ኦክሳይድ ይሆናል። ኦክሳይድ ደግሞ እንደ መዳብ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ እኛ የፈለግነው ግን ለሰርኪት (የኤሌክትሪክ መስመር) ማተሚያ ቀለም ነበር (መዳብ በማስተላለፍ ከብር ማዕድን ቀጥሎ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ያንሳል)።

በጣም የደቀቀ ደረቅ ዱቄት አየር ሲያገኘው በራሱ ሊቀጣጠልም ይችላል፣ ለዚህ ነው አቅራቢዎች በአርጎን (ከመዳብ ጋር የማይዋሃድ ጋዝ) አሽገው ወይም ፈሳሽ ውስጥ በትነው የሚሸጡት። ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ማስመጣቱ ከባድ ነው፣ ዶላር ማግኘቱም ሌላ ችግር ነው፣ ስለዚህ እኛ ራሳችን ነው የምንሰራው፦ ኮፐር ሰልፌት፣ አስኮርቢክ አሲድ ማለትም ያው ቫይታሚን ሲ፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ደግሞ ፒቪፒ የሚባል ፖሊመር። ሰማያዊው ፈሳሽ ቀስ እያለ ወደ ቀይ ሲቀየር ማየት ሁሌም ደስ ይለኛል!

እባካችሁ ደረቁን ዱቄት ከሁድ (አየር እየሳበ የሚያስወጣ የላቦራቶሪ ሳጥን) ውጪ አትክፈቱት፣ ተራው የሰርጂካል ማስክ አይበቃም፣ ጓንትም አድርጉ። ትርፉን ሲንክ ውስጥ አትድፉት፣ መዳብ ለዓሣና ለውሃ ውስጥ ነፍሳት መርዝ ነው፣ እኛ ለብቻው ጠርሙስ ላይ ጽፈን ነው የምናጠራቅመው።