ከአያቴ ማርትሬዛ እስከ ራዴትስኪ ዕዳ፦ የአራት ወር ንባቤ

ነገሩን ያመጣው የአያቴ ማርትሬዛ ብር ነው። ላዩ ላይ 1780 ይላል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሥዕሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ብር ቀኑ አልተቀየረም። የዚች ሴትዮ ሥርወ መንግሥት መኮንኖች እንዴት ይኖሩ ነበር ብዬ ገባሁበት፣ ይኸው አራት ወር ሆነኝ።

አንድ ሰው ይዤ መከተል ይሻላል ብዬ የኦስትሪያውን ፊልድ ማርሻል ዮሴፍ ራዴትስኪን መረጥኩ። በ1766 ቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ ውስጥ ተወለደ። በ1784 ካዴት ሆኖ ፈረሰኛ ጦር ገባ። ጡረታ የወጣው በ1857፣ በ90 ዓመቱ ነው። አምስት ነገሥታት አገልግሏል። እኔ በአሥር ዓመት ሥራ ወገቤን ያመኛል።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ስሙ ላይ ነው። «ራዴትስኪ ፎን ራዴትስ» ሲባል መጨረሻው የአባቱ ስም መሰለኝ፤ ለካ የመኳንንት ስም ነው። «ግራፍ» የሚለውን ማዕረጉን ደግሞ ደብተሬ ላይ «ደጃዝማች» ብዬ ጻፍኩ፣ ኋላ ሰረዝኩት። ደጃዝማች ይሾሙታል፤ ግራፍ ግን ሲወለድም ግራፍ ነው። የጦሩ ማዕረግ ሌላ መሰላል ስለሆነ ግራፉም ከታች ጀምሮ ወጣው።

ውጊያዎቹን በሠንጠረዥ ላስቀምጥ ሞክሬ ሰለቸኝ። ሁለቱን ብቻ ያዝኩ። በ1813 ላይፕሲግ ላይ ናፖሊዮን ሲሸነፍ የአሸናፊዎቹ ዋና ጦር ኤታማዦር ሹም እሱ ነበር። በ1849 ደግሞ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ኖቫራ ላይ የፒየድሞንትን ንጉሥ ጦር ሲያሸንፍ 82 ዓመቱ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ያኔ በኦስትሪያ ሥር የነበረችው የጣሊያኗ ከተማ የሚላኖ ሕዝብ በአምስት ቀን አመፅ ከከተማው አስወጥቶት ነበር። ቪየና በአዲስ ዓመት ኮንሰርት እያጨበጨበች የምትሰማው «የራዴትስኪ ማርሽ» የተባለው የሰልፍ ሙዚቃ የተጻፈለት በዚያው በ1848 ነው። ሚላኖ ውስጥ ግን ስሙ የጨቋኝ ስም ነው። ሁለቱንም ወገን ሳላነብ «ጀግና» ብዬ መጻፌን አሁን አፍርበታለሁ።

ዋናው ነገር ግን ገንዘቡ ነው። ፊልድ ማርሻሉ ዕድሜውን ሙሉ በዕዳ የተዘፈቀ ሰው ነበር! ሚስቱ ስምንት ልጆች ወልዳለታለች። ሚላኖ ላይ ደግሞ ጁዲታ ሜሬጋሊ ከምትባል ሴት ሌሎች ልጆች አሉት። መኳንንት ነህና ፈረሱ፣ ግብዣው፣ አሽከሩ አይቀርም። ደመወዝ የት ይደርሳል?

ዕዳውን የከፈለለት ፓርግፍሪደር የሚባል ለጦሩ ጫማና ሌላ ዕቃ የሚያቀርብ ሀብታም ነጋዴ ነው። በለውጡ የጠየቀው አስከሬኑን ነው። ስትሞት እኔ ኦስትሪያ ውስጥ ያሠራሁት ሄልደንበርግ የተባለ የጀግኖች መታሰቢያ ላይ ትቀበራለህ አለው። ራዴትስኪ በ1858 ሚላኖ ላይ ሲሞት እዚያው ተወስዶ ተቀበረ። ቪምፕፈን የተባለ ሌላ ፊልድ ማርሻልም በዚሁ ውል እዚያ ገብቷል። በኋላም ነጋዴው ራሱ አጠገባቸው ተቀበረ።

ኦስትሪያውያን ቀልደውበታል። ሦስት ጀግኖች እዚህ አርፈዋል፣ ሁለቱ ውጊያ ሦስተኛው ጫማ፣ ይላሉ። ቀልዱ ላይ ያለው የጀርመንኛ ግስ «ሊፈርን» ከውጊያ ጋር ሲሆን መዋጋት፣ ከጫማ ጋር ሲሆን ማቅረብ ስለሚሆን እንደ ሰምና ወርቅ ነው። በአማርኛ ኅብረ ቃል ስፈልግለት ሳምንት አለፈኝ። «ገጠሙ» ለውጊያው ይሆናል፣ ለጫማው እምቢ አለኝ። ቅኔ የምትችሉ ካላችሁ ወርውሩልኝ።