ኖት መያዝ ለማይሆንለት ልጅ

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ባለ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በሚያግዝ ቢሮ ውስጥ ነው። ወደ እኛ ከሚመጡት የብዙዎቹ ችግር በዓይን አይታይም። ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ማንበብና ፊደል አስተካክሎ መጻፍ የሚያስቸግር እክል ያለበት ልጅ፣ መምህሩ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ፣ እሱ ገና የመጀመሪያውን ቃል ፊደል ለማስተካከል ይታገላል።

ለተማሪዎች በውሰት ከምንሰጣቸው መሣሪያዎች አንዱ ላይቭስክራይብ የሚባለው እስክሪብቶ ነው። ጫፉ አጠገብ ትንሽ ካሜራ አለው። ወረቀቱ ላይ ደቃቅ ነጥቦች ታትመውበታል፤ ካሜራው እነሱን እያነበበ የት ቦታ እንደተጻፈ ያውቃል። ድምፅም አብሮ ይቀዳል። በኋላ አንዱን ቃል በጫፉ ነካ ሲያደርጉት፣ ያ ቃል ሲጻፍ መምህሩ ይናገር የነበረውን ያሰማል።

አንድ ቀን የባዮሎጂ ተማሪ የሆነ የኢትዮጵያውያን ልጅ ኮርሱን ሊያቋርጥ መጣ። መምህሩ "እኔ ክፍል መቅዳት ክልክል ነው" ብለው በሰው ፊት እስክሪብቶውን አስዘግተውታል። መቅዳት እንደተፈቀደለት የሚገልጸው የቢሯችን ደብዳቤ ቀድሞ ደርሷቸው ነበር። ልጁ ግን ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ሲያየው አፍሮ ዝም አለ። በጣም አዘንኩ። ሃይስኩል ሳለ ትምህርት ቤቱ ራሱ ፈልጎ ያግዘው ነበር። ኮሌጅ ግን ራሱ ካልጠየቀ የሚፈልገው የለም። ይህ ልጅ ደፍሮ ጠይቆ ነበር!

መምህሩን ላነጋግር ሄድኩ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በአካል ጉዳተኞች ላይ አድልዎን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ ሴክሽን 504 ይባላል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንቡ ኮሌጆች በእነዚህ ተማሪዎች ላይ መጣል ከማይችሏቸው ክልከላዎች መካከል የድምፅ መቅጃን በስም ይጠቅሳል። የእሳቸው ስጋት ግን ባዶ አልነበረም። የሌሎች ተማሪዎች ድምፅ ኢንተርኔት ላይ ቢወጣስ? ልጁ ለጥናት ብቻ ሊጠቀምበት፣ ለማንም ላያስተላልፍ መፈረሙን አሳየኋቸው። ከዚያ "እስቲ ስለ ሴል አንድ ነገር ይንገሩኝ" አልኳቸው። ሲያወሩ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፤ ነካሁት። የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። "እንዲህ ከሆነማ አዲስ ርዕስ ስጀምር ጮክ ብዬ ልናገር፣ ምልክት ያድርግበት" አሉ።

ሌላም ችግር ነበር። ልጁ ክፍል ውስጥ ምንም ሳይጽፍ እየቀዳ፣ ማታ ሌክቸሩን ከዳር እስከ ዳር ይሰማው ነበር። ይህ ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል። አብረን ተቀምጠን ተለማመድን። ርዕሱን ይጽፋል። ያልገባው ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ያኖርና ጆሮውን ወደ መምህሩ ይመልሳል። ቤቱ ሲገባ የሚነካው የጥያቄ ምልክቶቹን ብቻ ነው፤ የሰማውን አጠገቡ በተተወው ክፍት ቦታ ላይ በራሱ ቃል ይሞላል። እስክሪብቶውን ያለዚህ ልምምድ መስጠት ለእኔ ግማሽ እገዛ ነው።

ኮርሱን አላቋረጠም። ሰሞኑን እናቱ ደወሉልኝ። "እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እገዛ ማግኘቱ ትራንስክሪፕቱ፣ የውጤት ማስረጃው ላይ ይጻፍበታል?" አይጻፍም አልኳቸው። መምህራኑ እንኳ የሚነገራቸው ምን ዓይነት እገዛ እንደተፈቀደለት እንጂ የምርመራው ውጤት አይደለም። ትንሽ ዝም አሉና ታናሽ እህቱን የት ወስደው እንደሚያስመረምሩ ጠየቁኝ።