ሰርቨሩ ከመነሣቱ በፊት የተነሣው ክርክር

ቡድናችን የሚያስተዳድረው የኢንተርኔት ጌም ለረጅም ጊዜ የተቋረጠው የጌሙን መረጃ ማኅደር፣ ማለትም ዳታቤዙን፣ ከያዙት ሃርድ ዲስኮች አንዱ ስለተበላሸ አልነበረም። የተበላሸው ወዲያውኑ በአዲስ ተተክቶ፣ መረጃው እየተሞላበት ሳለ ሁለተኛው ዲስክ ከሥራ ውጪ ሆነ። ዲስኮቹ የተያያዙት ሬይድ 5 በሚባለው አደረጃጀት ሲሆን፣ ይህ አደረጃጀት የአንድ ዲስክን መጥፋት ይቋቋማል፤ የሁለትን ግን አይቋቋምም። አዲሱን ለመሙላት የቀሩት ዲስኮች በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ መነበብ ስላለባቸው፣ አብረው ተገዝተው አብረው ያረጁ ዲስኮች ከባዱ ሥራ የሚጫንባቸው መከላከያው በሳሳበት ሰዓት ነው። የብዙ ተራ ዲስኮች አምራቾችም በ12.5 ቴራባይት ገደማ ንባብ አንድ የማይነበብ ክፍል ሊያጋጥም እንደሚችል በመግለጫቸው ያሰፍራሉ።

የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ከሥራ ውጪ የሆነውን ዲስክ፣ ዲስኮቹን በሚያስተዳድረው ኮንትሮለር በኩል አስገድዶ መመለስ ነበር። የማከማቻው ኃላፊ የሆነው ባልደረባችን ግን እያንዳንዱ ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ሳይቀዳ ምንም ነገር አይነካም ብሎ ጸና። ቅጂው እጅግ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሥራ አስኪያጃችን እየተመላለሱ «የት ደረሰ?» ሲሉ የሚያገኙት መልስ «ገና እየተቀዳ ነው» የሚል ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰዓት መታገሥ ከማንኛውም የቴክኒክ ሥራ ይከብዳል።

ከቅጂው አብዛኞቹ የዳታቤዙ ሰንጠረዦች ተገኙ፤ ጥቂቶቹ ግን ተበላሽተው ነበር። ያለፈው ሌሊት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በሌላ ማሽን ላይ በደህና ተቀምጧል። ባክአፑን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሊያራምድ የሚችለው የለውጦች መዝገብ ግን በእነዚያው ዲስኮች ላይ ስለነበር አብሮ ተጎድቷል። ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ከፊሉ ሰው የዳኑትን ሰንጠረዦች እንዳሉ ይዘን የተበላሹትን ብቻ ከባክአፑ እንሙላ፣ ተጫዋቾች የሚያጡትም ያንሳል አለ። ሐሳቡ ሲሰሙት ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ተጫዋች ሰይፉን ለሌላው ሲሸጥ የሻጩ ንብረትና የገዢው ንብረት የሚመዘገቡት በተለያዩ ሰንጠረዦች ነው። ሰንጠረዦቹ ከተለያየ ሰዓት የመጡ እንደሆነ ሰይፉ ወይ በሁለቱም እጅ ይገኛል ወይ ከሁለቱም ይጠፋል፤ የተባዛ ንብረት አንዴ ገበያው ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ለቅሞ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ አንድ ሰዓት፣ ወደ ባክአፑ ሰዓት፣ እንዲመለስ ተወሰነ።

የቀረው ለተጫዋቾች መንገር ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው ሰርቨር አከራይ ኩባንያ ዳታ ሴንተር በተቃጠለ ጊዜ፣ ራስት የተባለውን ጌም ያዘጋጀው ፌስፓንች በእሳቱ የተጎዱት የአውሮፓ ሰርቨሮቹ መረጃ ሊመለስ እንደማይችል ሳያለዝብ አስታውቆ ነበር፤ እኛም ያንኑ መንገድ መረጥን። ይህን ያህል ሰዓት ይቀረናል ማለትን ተውን። በምትኩ ሥራው የደረሰበትን ደረጃና ቀጣዩ መግለጫ የሚወጣበትን ሰዓት ጻፍን፤ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም በተባለው ሰዓት መግለጫ አወጣን። ስድቡ አልቀረልንም፤ ሆኖም መግለጫዎቹ መውጣት ከጀመሩ በኋላ ብዙው መልእክት «ለምን ዝም አላችሁ» ከሚለው ይልቅ «ንብረቴስ እንዴት ይሆናል» ወደሚለው ዞረ።

ንብረትን በተመለከተ በእውነተኛ ገንዘብ የተገዛው ቀላሉ ነበር፤ ክፍያውን የሚያስተናግደው ድርጅት የራሱ መዝገብ ስላለው፣ ከባክአፑ በኋላ የተፈጸመው ግዢ ሁሉ ከዚያ ተነቦ ለባለቤቱ ተመለሰ። በጨዋታው ውስጥ በድል የተገኘውን ግን ማን ይመስክር? እዚህ ላይ ከቡድናችን አንዷ፣ ጌሙ ብርቅ ዕቃ ሲገኝ ለሁሉም በቻቱ እንደሚያውጅና የቻቱ መዝገብ በሌላ ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥ አስታወሰች። አዋጁ ስምና ሰዓት ስላለው፣ በእሱ መሠረት ብርቅ ዕቃዎቹ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። አዋጅ ያልወጣላቸው ተራ ዕቃዎችና የደረጃ ዕድገቶች ግን የስክሪን ፎቶ ቢቀርብባቸውም አልተመለሱም፤ ፎቶ በቀላሉ ሊቀነባበር ስለሚችል ይህ ውሳኔ ዛሬም ተገቢ ይመስለኛል፤ በዚህ ሳቢያ ጌሙን የተዉ ተጫዋቾች መኖራቸውን ግን አልክድም። አዲሱ ሰርቨር በሬይድ 6 ተዋቅሮ ሁለት ዲስክ ቢጠፋም ሥራውን እንዲቀጥል ተደርጓል፤ የለውጦቹ መዝገብም አሁን በየጊዜው ወደ ሌላ ማሽን ይላካል።